ባሮሎ የሚባለውን የጣሊያን ቀይ ወይን ገዝታችሁ ማቆየት ለምትፈልጉ፦ የቱ ጠርሙስ ይቆያል፣ የት ይቀመጣል፣ መቼ ይከፈታል

ቶሪኖ ከተማ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው፣ በሰሃን አጣቢነት ጀምሬ ከዛ አስተናጋጅ ሆንኩ፣ አሁን ደግሞ ምድር ቤት ያለው የወይን ክፍል ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ እና ከአዲስ አበባም ከዲሲም ዘመድ ሲደውል ሰላምታው ሳያልቅ የምትመጣው ጥያቄ አንድ ናት፦ «ውድ ቀይ ወይን በስጦታ መጥቶልኛል፣ ላቆየው ወይስ ልጠጣው?» ለእያንዳንዱ ስመልስ ከምውል አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚባለው ለአብዛኛው ወይን አይሠራም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታዩት አብዛኛው ጠርሙስ የተሠራው በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው፣ ብታቆዩት የፍሬው ጣዕም ይጠፋና ኮምጣጣው ብቻ ይቀራል። አጎቴ ቤት ቡፌው ውስጥ ከሠርጋቸው የተረፈ ጠርሙስ ከነሪባኑ ቆሞ ነበር፣ ልጆች ሆነን «እሱን እንዳትነኩ፣ እየቆየ ነው» ይሉን ነበር፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ስትመረቅ ተከፈተ፣ አቼቶ! ሁሉም ግን «አይ የድሮ ነገር» እያለ ጠጣው፣ ምን ያድርግ።

ባሮሎን ምሳሌ ያደረኩት ከኛ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነና ከሌላው ወይን የበለጠ ስለማውቀው ነው። እኛ ያለንበት ፒየሞንቴ ክልል ውስጥ አልባ የምትባል ከተማ አለች፣ እሷ አጠገብ ላንጌ የሚባሉ ኮረብቶች አሉ፣ እዛ ያሉ 11 መንደሮች ብቻ ናቸው ጠርሙሳቸው ላይ ባሮሎ ብለው መጻፍ የሚችሉት። የወይን ዘሩም አንድ ብቻ ነው፣ ኔቢዮሎ ይባላል፣ ኔቢያ በጣሊያንኛ ጉም ነው፣ ጥቅምት ላይ ለቀማው ሲደርስ ሸለቆው በሙሉ ጉም ይለብሳል ስሙም ከዛ መጣ ይላሉ። ሌላ ወይን ያላችሁም አንብቡት፣ አብዛኛው ነገር ለፈረንሳዩ ቦርዶም ለሌላውም ይሠራል።

1. ሌብሉን አንብቡ

መጀመሪያ አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት መኖሩን እዩ። ባሮሎ ዶክጂ (DOCG) የሚባለውን የጣሊያን ወይን ከፍተኛ ደረጃ ያገኘው በፈረንጅ 1980 ነው፣ ወረቀቱም የዛ ማረጋገጫ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ከተለቀመበት ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ መሸጥ አይችልም፣ ከዛ ውስጥ 18ቱን ወር እንጨት በርሜል ውስጥ ማሳለፍ አለበት፣ ሪዜርቫ የሚል ከሆነ ደግሞ 62 ወር። ስለዚ የ2019 ባሮሎ ሱቅ የገባው በ2023 ነው ማለት ነው፣ ገና ስትገዙት አራት ዓመት ገደማ አስቆጥሯል።

ላንጌ ኔቢዮሎ የሚል ካያችሁ ዘሩ አንድ ነው ዋጋውም ይቀንሳል፣ ግን ቶሎ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። እሱን ገዝታችሁ ጠጡ፣ የኔቢዮሎን ጠባይ ለመልመድ ከሱ የተሻለ የለም።

እዚ ላይ አንድ ነገር፣ ሳቅ እንዳይመስላችሁ። ሌብሉ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። አንድ ወዳጄ ለልጁ የተወለደችበትን ዓመት ወይን ገዝቶ 20 ዓመቷ ላይ ሊከፍት አስቦ ልጅቷ 2008 ነው የተወለደችው ብሎ 2008 የሚል ጠርሙስ ፍለጋ ስንት ሱቅ ዞረ፣ በኋላ ስጠይቀው በኛ አቆጣጠር ነው ለካ! ጥቅምት 2008 ከሆነ የፈረንጅ 2015 ነው፣ ግንቦት 2008 ከሆነ ደግሞ 2016። እሷ ግንቦት ነበረች፣ ዕድለኛ ናት፣ 2016 በባሮሎ በጣም ከተመሰገኑት ዓመቶች አንዱ ነው።

2. መንደሩንና ዓመቱን አያይዛችሁ እዩ

መንደር ለውጥ ያመጣል ስላችሁ የቱሪስት ወሬ አይደለም። በምዕራብ በኩል ያሉት ላ ሞራና ባሮሎ መንደር (ወይኑም መንደሩም ስማቸው አንድ ነው) አፈራቸው ለስለስ ያለ ሰማያዊ ግራጫ መሬት ነው፣ የሚወጣው ወይን ሽታው ቀድሞ ይከፈታል፣ አፍ ላይም ቶሎ ይለዝባል። በምሥራቅ ያሉት ሴራሉንጋ ዳልባና ሞንፎርቴ ዳልባ ደግሞ አሸዋማ ድንጋይና ኖራ የበዛበት ነው፣ ወይናቸው ወጣት ሳለ ሰው አያስጠጋም ግን የሚቆየው እሱ ነው። ካስቲሊዮኔ ፋሌቶ መሃል ላይ ነች፣ ጠባይዋም እንደዛው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የእርሻው ስም ራሱ በሕግ ተከልሎ ሌብል ላይ ይጻፋል፣ ካኑቢ፣ ብሩናቴ፣ ቡሲያ፣ ቪኛ ሪዮንዳ ምናምን የሚሉትን ካያችሁ ኮረብታው ላይ ያለ የአንድ ቦታ ስም ነው።

ዓመቱን በተመለከተ በቃላችሁ መያዝ የለባችሁም፣ ግን ጥቂቶቹን ልንገራችሁ። 2010፣ 2013 እና 2016 ቀስ ብለው የበሰሉ ዓመቶች ናቸው፣ ኮምጣጣውም ታኒኑም (ድድ የሚያደርቀው ነገር፣ ከታች እመጣበታለሁ) ሙሉ ነው፣ ለረጅም ጊዜ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። 2019ም ጠንካራ ነው። 2003ና 2017 ሙቀት የመታቸው፣ 2014 ዝናብ የበዛበት፣ 2018 ደግሞ ቀለል ያለ ነው። ቀለል ያለ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም እሺ፣ ሬስቶራንት ውስጥ ዛሬ ለሚጠጣ እንግዳ 2018 ነው የማወጣው፣ 2016ቱን አልነካውም።

የበርሜሉ ነገር ደግሞ እዚ አገር ሰው ያጣላል። የድሮዎቹ ወይኑን ከቆዳው ጋ ለሳምንታት አቆይተው ትልልቅ የስላቮኒያ እንጨት በርሜል ውስጥ ይጨምሩታል፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ወጣቶቹ ተነሱና 225 ሊትር የሚይዘውን ትንሹን የፈረንሳይ በርሜል አመጡ፣ ወይኑ ቶሎ የሚጠጣ የቫኒላ ሽታ ያለው ሆነ። ባርቶሎ ማስካሬሎ የሚባሉ የታወቁ አምራች በጣም ከመናደዳቸው የተነሳ ሌብላቸው ላይ «ትንሹ በርሜልም ቤርሉስኮኒም አያስፈልገንም» የሚል ጽፈው ሸጡ፣ ያኔ ቤርሉስኮኒ ፖለቲካው ውስጥ የነበረ ጊዜ ነው። አሁን ሁለቱም ወገን ወደ መሃል መጥቷል፣ ለማቆየት ግን እኔ ትልቁን በርሜል ነው የምመርጠው።

3. ቀምሳችሁ ፍረዱ

በቀለም እንዳትሸወዱ። እኛ ቀይ ወይን ሲጠቁር ነው ጠንካራ የሚመስለን፣ ኔቢዮሎ ግን ከመጀመሪያውም ፈዘዝ ያለ ነው፣ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ ከስሩ ጣታችሁን ብታስገቡ ይታያችኋል፣ ዳሩ ደግሞ ገና በወጣትነቱ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል። ስንቱ እንግዳ «ይሄ ውሃ ተጨምሮበታል» ብሎ መልሶልኛል መሰላችሁ፣ ከዛ ሲጎነጨው ዝም ይላል።

ዝም የሚያሰኘው ታኒን ነው። ቤት ውስጥ ሻይ ቅጠሉ ሳይወጣ ረስታችሁት ሲጠቁር ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ምላስና ድድ የሚያደርቀው ነገር እሱ ነው፣ ወይን ላይ ከቆዳውና ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ይመጣል። ወጣት ባሮሎ ላይ ጉንጫችሁ ከጥርሳችሁ ጋ እስኪጣበቅ ድረስ ነው። ሰው ይሄን ሲቀምስ ተበላሽቷል ይላል፣ እኔም መጀመሪያ ቀን ብዬ ነበር፣ የቤቱ ባለቤት ሳቁና «ይሄ እኮ ገና አልተወለደም» አሉኝ። ዛሬ አፋችሁን የሚያስቸግረው ነገር ነው ወይኑን 20 ዓመት የሚያቆየው። ዓመት ባለፈ ቁጥር ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይከብዱና አተላ ሆነው ከታች ይዘቅጣሉ፣ ለዛ ነው አሮጌ ወይን ለስላሳ የሚሆነው ቀለሙም የሚሳሳው። በቡሹ በኩል የምትገባው በጣም ጥቂት አየር ደግሞ ሥራውን ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች።

ግን ታኒን ብቻውን አይበቃም፣ ሦስት ነገር አብሮ ይፈለጋል። ኮምጣጣው፣ ከዋጣችሁ በኋላ ምራቃችሁ ከጎን ከጎን ይመጣል ወይ? ፍሬው፣ ከድርቀቱ ስር ቼሪ፣ እንጆሪ፣ ጽጌረዳ የሚል ነገር ይሸታችኋል ወይ? ሦስተኛው ርዝመቱ፣ ከዋጣችሁት በኋላ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ይቆያል፣ እኔ ሰዓቴን አይቼ ነው የምቆጥረው፣ 10 ሰከንድ ሳይሞላ ከጠፋ ለማቆየት አልገዛውም። ታኒኑ ኖሮ ፍሬው ከሌለ ደግሞ ተስፋ አታድርጉ፣ ድርቀቱ ይለዝብ ይሆናል ፍሬ ግን ከየትም አይመጣም።

4. የሦስት ቀኑ ሙከራ

ይሄን ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ ለኔም ከሁሉም በላይ የረዳኝ እሱ ነው። ጠርሙሱን ክፈቱ፣ አንድ ብርጭቆ ቅዱና ቅመሱ፣ ስልካችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። ቡሹን መልሱና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ ፍሪጅ ከሆነ ከመቅመሳችሁ አንድ ሰዓት በፊት አውጡት። በማግስቱ በዛው ሰዓት አንድ ብርጭቆ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ብርጭቆ። ደካማ ወይን በማግስቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የቆረጣችሁትን ፖም ጠረጴዛ ላይ ረስታችሁት ሲጠቁር የሚሸተው ሽታ ይመጣል። የሚቆየው ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ነው የሚናገረው።

ባለፈው አንድ የሴራሉንጋ 2016 እንዲህ አድርጌ ነበር፣ ማክሰኞ ማታ ስከፍተው ምንም አይሸትም፣ ድድ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እኔም ሚስቴም ጥለነው ወደ ሻይ ሄድን። ረቡዕ ማታ የጽጌረዳ ሽታ መጣ፣ ሐሙስ ደግሞ ሬንጅ፣ አዎ ሬንጅ፣ አዲስ መንገድ ሲነጠፍ የሚሸታችሁ ነገር፣ ባሮሎ በሱና በጽጌረዳ ነው የሚታወቀው፣ ሲጻፍ አስቀያሚ ይመስላል ብርጭቆ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ሦስት ቀን ቆሞ የተሻለ ወይን ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ዓመት አያቅተውም። ሳይንስ አይደለም፣ አየር ለሦስት ቀን ማግኘትና 15 ዓመት ተዘግቶ መቆየት አንድ ነገር ስላልሆነ፣ ግን ካለ ምንም ከመገመት በጣም ይሻላል።

ይሄን ለማድረግ ታዲያ አንድ ጠርሙስ አይበቃም። ሦስት ግዙ። አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ 10 ዓመቱ ላይ፣ አንዱ ከዛ በኋላ። ሦስት የባሮሎ ዋጋ ከከበዳችሁ ከርካሽ መንደር ሦስት መግዛት ከአንድ ዝነኛ ስም ይሻላል፣ አንድ ብቻ ያለው ሰው መቼም አይከፍታትም፣ የአጎቴ ቡፌ ነው የሚሆነው።

5. አቀማመጥ

እዚ ላይ ነው ገንዘብ የሚቃጠለው። የራሴን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ደመወዜ ከፍ ሲል ሁለት ጥሩ ጠርሙስ ገዛሁና ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ ያለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት ብዬ። አራት ዓመት። ሳወርደው ቡሹ ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ሌብሉ ላይ የሚያጣብቅ ቀይ መስመር ወርዷል። ከፈትኩት፣ ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ! ሁለተኛውም ያው። ሬስቶራንቱ ውስጥ ለሰው የምመክረው ሰውዬ ቤቴ ወይን ቀቅዬ ተቀመጥኩ።

ስለዚ ሙቀቱ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፣ 16 እና 17ም አይገድለውም፣ ቶሎ ያስረጀዋል እንጂ። የሚገድለው ከ25 በላይ ለረጅም ጊዜ መቆየትና ቀን ሞቆ ማታ እየቀዘቀዘ መዋዠቁ ነው፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጥና ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ አየር ይስባል። ብርሃን አይመታው። ጠርሙሱ ይጋደም፣ ቡሹ ከወይኑ ጋ እየተነካካ እንዳይደርቅ፣ ለዛም ነው ቡፌ ውስጥ ቆሞ ያለው ሁሉ የሚበላሸው። አየሩ ትንሽ እርጥበት ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ፣ በተለይ ፍሪጅ አናት ላይ አታስቀምጡ፣ ሙቀቱም አለ መንቀጥቀጡም አለ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሳታውቁት ዕድለኞች ናችሁ። ከተማው ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ፀሐይ የማይመታው ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ስር ወይም ከታች ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ በካርቶን ጠቅልላችሁ ብታጋድሙት ሚላን ውስጥ ማሞቂያ ከተለቀቀበት አፓርታማ ይሻላል። ቆርቆሮ ጣሪያው ስር ካለው መደርደሪያ ግን አርቁት። ድሬዳዋ፣ ዱባይ፣ ሪቬራ ቢች ፍሎሪዳ ያላችሁ ግን ወይ የወይን ፍሪጅ ግዙ ወይ ጠጡት፣ አማራጭ የለም። የቤት ፍሪጅ ለጥቂት ወር ነው የሚሆነው፣ ለዓመታት ግን ቡሹን ያደርቀዋል።

በሻንጣ ካመጣችሁት መጥቶ ሁለት ሳምንት ሳያርፍ አትክፈቱት።

6. መቼ ይከፈት

ቁርጥ ያለ ቀን የለም፣ እኔ የምጠቀምበት ይሄ ነው፣ ከተለቀመበት ዓመት ነው የምትቆጥሩት። የሞቃት ወይም የቀላል ዓመት መደበኛ ባሮሎ ከ6 እስከ 12 ዓመት። የጥሩ ዓመት መደበኛ ከ10 እስከ 20። ከሴራሉንጋ ወይም ከሞንፎርቴ የጥሩ አምራች የጥሩ ዓመት ከሆነ ከ15 በፊት ባትነኩት፣ 30ም ይሄዳል።

መሃል ላይ ደግሞ የሚተኛበት ጊዜ አለ። ሱቅ እንደገባ ሞቅ ያለ የፍሬ ሽታ ይኖረዋል ከዛ ለተወሰኑ ዓመታት ዝም ይላል፣ ስትከፍቱት ሽታም የለው ጣዕምም የለው ታኒን ብቻ። ብዙ ሰው በዛ ሰዓት ከፍቶ «ባሮሎ ባሮሎ የሚሉት ይሄን ነው?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛዋን ጠርሙስ ስትከፍቱ እንዲህ ከሆነ ሦስተኛዋን አምስት ዓመት ጨምሩላት። የደረሰ ወይን ምልክቱ ሽታው ከፍሬ ወደ ደረቀ ቅጠል፣ ቆዳ፣ ትንባሆ፣ እንጉዳይ ሲዞርና ድድ መያዙ ሲለዝብ ነው። ዳሩ ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉም ቡናማ ከሆነ ግን ማቆየቱ ይብቃ፣ ሌላም ካላችሁ ቶሎ ጠጡ።

7. አከፋፈት

የቆየ ከሆነ ከመክፈታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ከታች ይሰብሰብ። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ስለዚ ክፍላችሁ ከሞቀ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። አሮጌ ቡሽ ይፈረካከሳል፣ መክፈቻውን እስከ ታች አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከተሰበረም አትደንግጡ፣ በሻይ ማጥለያ አጥልሉት።

ከዛ ጀግ ውስጥ ገልብጡ። ወጣት ከሆነ ከሦስት አራት ሰዓት በፊት፣ ጨከን ብላችሁ ከከፍታ አንቆርቁሩት አየር ያስፈልገዋል። ከ20 ዓመት በላይ ከሆነ ግን ልክ ጠላ ስትቀዱ አተላው እንዳይነሳ እንደምትጠነቀቁት፣ አንድ እጅ፣ ሳታቋርጡ፣ ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ የስልክ መብራት አድርጋችሁ፣ ጥቁሩ ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ሁለት ጣት የምታህል ትቀራለች፣ አትሳሱላት። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ደግሞ የቡሽ በሽታ ነው፣ አየር ቢያገኝም አይሽርም፣ ሱቁ ከታመነ መልሱት።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፊ ይሁን፣ ሲሶ ብቻ ቅዱ።

8. ከምን ጋ

ዶሮ ወጥ ጋ አታቅርቡት፣ እለምናችኋለሁ። በርበሬው አልኮሉን ያቀጣጥለዋል ታኒኑም መራራ ይሆናል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ታኒን የሚፈልገው ሥጋና ስብ ነው። እዚ ላንጌ ውስጥ ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ መኖሩን ሳይ መጀመሪያ ማመን አቅቶኝ ነበር፣ የፒየሞንቴን የከብት ዘር ሥጋ በቢላ ከትፈው፣ የወይራ ዘይትና ጨው ጠብ አድርገው፣ በመጸው ደግሞ ከላዩ የአልባን ነጭ ትሩፍ (ከመሬት ስር የሚወጣ ውድ እንጉዳይ ነው) ልጠው ያቀርቡታል። ክትፎ ማለት ነው እኮ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ የሌለው! እኔ ቤት ጥሬ ክትፎ ቅቤው በደንብ ገብቶበት ሚጥሚጣው ለብቻው ተቀምጦ ከ12 ዓመት ባሮሎ ጋ ቀርቦ ያውቃል፣ ሚጥሚጣውን የነካ ሰው ወይኑን አልጨረሰም፣ ያልነካው ደግሞ ጠርሙሱን ነው የጨረሰው። ቁርጥም ያለ ዳጣ ይሄዳል፣ ጥብስም ቃሪያው ተለቅሞ። ጾም ላይ ከሆናችሁ እንጉዳይ በዘይት ጥበሱበት፣ ካልሆነ ፋሲካን ጠብቁ፣ ወይኑ እንደሆነ አይቸኩልም።